የዝናባችን ወደብ

ስለ ጎርፍ ልጽፍ ተነሥቼ ስለ መርከብ መጻፌ አይቀርም፤ አንባቢ ይታገሠኝ። የጋምቤላ ነገር ሆኖ ሁለቱን ለይቶ መናገር አይቻልም። ዛሬ ባሮ ሞልቶ ከዳሩ ሲወጣ የምንሰማው ስለ ፈረሰ ጎጆና ስለ ተፈናቀለ ሰው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚያች ቦታ የወንዙ መሙላት የምሥራች ነበር፤ መርከብ የሚመጣው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበርና። ከተማይቱ ራሷ የዚያ ሙላት ልጅ ናት። ወላጅዋ እንዴት ባለ መንገድ ተመልሶ እንደሚያስፈራራት ሳስብ ግጥም ልጽፍበት ሞክሬ ነበር፤ ታሪኩ ከግጥሙ ስለ በለጠብኝ ተውኩት።

እኔ የምኖረው መቱ ነው። መቱ ውስጥ ዝናብ ቁም ነገር ሆኖ አይወራም። ጃንጥላ የሌለው ሰው ሌላ ጉድለት እንዳለበት ይጠረጠራል እንጂ፣ ዘነበ ብሎ የሚደነቅ የለም። ከእኛ ጥቂት ከፍ ብላ የተቀመጠችው ጎሬ ደግሞ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። አዲስ አበባ ላይ የሚዘንበው ከ1200 ሚሊ ሜትር ብዙም እንደማይርቅ ላሰበ፣ ጎሬዎች ክረምትን ለምን እንደ ቤተ ዘመድ እንደሚቀበሉት ይገባዋል። ቡናችንን ያጠጣል፤ ጫካችንን ያለመልማል፤ ከዚያም ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው በልጅነቴ አላጋጠመኝም።

የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። መቱን ታክኮ የሚያልፈው ሶር፣ በቾ አካባቢ ከገደል ተወርውሮ ጎብኚ የሚያስደምም ፏፏቴ ከሠራ በኋላ ገባ ወደሚባለው ወንዝ ይገባል። ገባ ከወለጋ በኩል ከሚመጣው ብርብር ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ስማቸውን ያጡና ባሮ ይሆናሉ። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ድንበር ተሻግሮ ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል ሶባት ይባላል፤ ሶባት ነጭ አባይን ይገናኛል፤ ነጭ አባይ ወደ ካርቱም ይወርዳል። ስሙ በየአገሩ ይቀያየራል እንጂ ውኃው ያው የመቱና የጎሬ ጣሪያ ያፈሰሰው ነው። ነጭ አባይ ካርቱም ከሚያደርሰው ውኃ ግማሽ ያህሉ በዚህ በሶባት በኩል የሚገባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለ ጣና ስንዘምር የኖርን ሰዎች ይህን ሌላውን አባይ ለረሳንበት ጥፋት አንድ ቀን የሚከሰን ይመጣ ይሆናል።

የመሬቱ አቀማመጥ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከ530 ሜትር አትዘልቅም። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የወረደ መንገደኛ ደጋውን ለብሶ ተሳፍሮ ቆላው ላይ ሲደርስ ካፖርቱን ምን እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል። ውኃውም እንደዚሁ ነው። ቁልቁለቱን በጩኸት ይወርድና ጋምቤላ ሲደርስ መሬቱ ያልቅበታል። ከዚያ ወዲያ እስከ ነጭ አባይ ድረስ ምድሩ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። ሲሮጥ የመጣ ውኃ መሮጫ ሲያጣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከወንዙ ወጥቶ ሣሩን፣ ረግረጉን፣ መንደሩን ይሞላል። ባሮ ጋምቤላ ላይ የሚያይለው በነሐሴና በመስከረም ሆኖ ሳለ፣ የሶባት ውኃ ጫፍ የሚደርሰው በኅዳር ገደማ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ሜዳው ውኃውን ተሸክሞ የሚቆይበት ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለው የማቻር ረግረግ የሚጠጣውም ከዚሁ ነው።

ይህን ሜዳ በታሪካችን መጀመሪያ በግልጥ የተጋፈጠው የጎሬው ገዥ ደጃዝማች (በኋላ ራስ) ተሰማ ናደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1898፣ እንግሊዝና ፈረንሣይ ነጭ አባይን ማን ቀድሞ ይይዘዋል እያሉ በሚሽቀዳደሙበት ጊዜ፣ ምኒልክ ተሰማን ወደ ወንዙ ላኩት። ሁለት ፈረንሣውያንና አርታሞኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ኮሎኔል አብረውት ነበሩ። በሰኔ ወር ጥቂቶች ሶባት ከነጭ አባይ የሚገናኝበት ድረስ ደረሱ፤ ዋናው ሠራዊት ግን የደጋ ሰው ነውና ሙቀቱና ንዳዱ አላላውስ ብሎት ወደ ኋላ ቀረ፤ ጥቂት ቆይተውም ተመለሱ። በመስከረም ኪችነር በእንፋሎት ጀልባ ሽቅብ መጣና በሶባት አፍ ሰንደቅ ዓላማውን ተከለ። የታሪክ መምህራኖቻችን ይህን በፖለቲካ ዓይን ያስረዱናል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን ዘወትር የሚታየኝ ውኃው ነው። በእግር የመጣውን ያስቆመው ቆላ፣ ጀልባ ይዞ የመጣውን ጀርባው ላይ አዝሎ ወሰደው።

ምኒልክ ይህን ሳያስተውሉ የቀሩ አይመስለኝም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር የተፈራረሙት ውል ስለ ምዕራቡ ድንበር ነው፤ በውስጡ ግን ስለ ውኃ የሚናገሩ ሁለት አንቀጾች አሉ። ሦስተኛው አንቀጽ በጥቁር አባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ወደ ናይል የሚሄደውን ውኃ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። ይህን አንቀጽ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ተከራክረንበታል! አራተኛውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አጠገብ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ሥራ እንዲከራይ ይፈቅዳል። ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ አይውልም። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። እንግዲህ አንዱ አንቀጽ ውኃውን አታቁሙት ሲል፣ ሌላው ደግሞ ውኃው የሚያመጣውን መርከብ ተቀበሉ ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከእኛ ጣሪያ ስለ ወረደው ዝናብ ነበር።

ውሉ ኢታንግ ይበል እንጂ ጣቢያው የተተከለው ኢታንግ ላይ አይደለም፤ ከዚያ ሽቅብ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። በደረቅ ወቅት ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ለውጡ ምክንያት የሌለው ይመስላል። በክረምት ኢታንግን ላየ ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልገውም። ጋምቤላ መርከብ ሊደርስበት ከሚችለው ቦታ ሁሉ ለደጋው ቡና የቀረበችው ናት፤ ቅጥሏም ከዝርጉ ሜዳ ይልቅ ወደ ተራራው ያደላል። ይህን ቦታ የመረጡት ሰዎች ወንዙን ያዩት በሁለቱም ወቅት ይመስለኛል። ስለ ኋላው ዘመን ስናወራ ይህችን ነገር እናስታውሳታለን።

መርከቦቹን የሚያስኬደው የሱዳን ምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ነበር። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም በውኃ 1366 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ሽቅብ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር። ወንዙ መርከብ የሚሸከመው በክረምትና ከክረምቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። አሁን የዚያን ንግድ አስገራሚነት ልብ በሉ። ቡና የሚለቀመው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፤ በቅሎና ተሸካሚ ያንን ገደል መውረድ የሚችሉት መንገዱ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በበጋ ከጎሬ፣ ከቡሬና ከደምቢዶሎ ይወርድና ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰማዩን ይጠብቃል። ደጋው ላይ ዝናቡ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን፣ በአገሪቱ ሌላው ወደብና ገበያ ሁሉ ሲቀዘቅዝ፣ ጋምቤላ ትነቃለች። ጨው፣ አቡጀዲና ሌላ ሸቀጥ የጫነ መርከብ ይመጣል። የደረሰው ዕቃም በተራው መንገዱ እስኪደርቅ ጠብቆ ሽቅብ ይወጣል። የከተማይቱ የቀን መቁጠሪያ ከሌላው ኢትዮጵያ የተገለበጠ ነበር።

ባንክ ቤት የምውል ሰው ነኝና ከዚህ ሁሉ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የዛሬው ስመ ሞክሼው ሳይሆን የጥንቱ የአቢሲንያ ባንክ፣ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ አማካይነት ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1906 ሥራ የጀመረው፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ሥራውን ሲያሰፋ ከሐረርና ከድሬዳዋ ቀጥሎ የምናገኘው ማንን ነው? ጎሬንና ደምቢዶሎን። ጋምቤላ ደግሞ ወኪል ነበረው። ያ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ ነው! ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ጎሬ ላይ ሲያድር የዓለም ጫፍ የደረሰ ይመስለዋል፤ የዚያን ጊዜው ባንክ ግን ከባቡሩ መንገድ ቀጥሎ ገንዘብ ያለው እዚህ መሆኑን አውቆ ነበር። ምክንያቱም አይሠወርም። ቡናው በበጋ ይወርዳል፤ መርከቡ በክረምት ይመጣል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የነጋዴው ጭንቀት ነው። ጭንቀት ባለበት ብድር አለ፤ ብድር ባለበት እኛ አለን። ደግሞም ዝናቡ ካነሰ ወንዙ ያንሳል፤ ወንዙ ካነሰ መርከቡ አይደርስም፤ ቡናው አንድ ዓመት ይከርማል። የጎሬ ነጋዴ ሰማዩን የሚያየው እንደ ገበሬ ነበር ማለት ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዚህን ድንበርና የጋምቤላን ንግድ ታሪክ በሰፊው አጥንተውታል፤ ቁጥር የሚወድ አንባቢ ከእሳቸው ዘንድ ይሂድ። እኔን የያዘኝ ያ ጥበቃ ነው። ጎርፍ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ከተማ ሌላ የት አለ?

ውኃው አንዳንዴ ቅጥርም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ የቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ ላይ አደረገ፤ የእንግሊዞቹ ጋምቤላም በኋላው በኩል የተከፈተ መስኮት መሰለው። ጣልያኖች ያን ክረምት ምዕራቡን መያዝ አልቻሉም። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ግን መጡ። ራስ እምሩ ከጎሬ ከወጡ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1936፣ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። አብረዋቸው ከተማረኩት መካከል ኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ይገኛሉ። አንባቢዎቼ ሁሉ የሚወዱትን መጽሐፍ የጻፈው እጅ በእኛ አገር ጭቃ ውስጥ ማለፉን ለመቱ ተማሪዎች የሚነግራቸው የለም፤ ይህን በጎን አንስቼ ልለፍ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1941 እ.ኤ.አ.፣ ጋምቤላ ከጣልያን እጅ ወጣች፤ ከቤልጅግ ኮንጎ በወንዝና በየብስ የመጡት ወታደሮች ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢዶሎ፣ የወጡት በዚህ በኩል ነው። በሐምሌ ወር ጄኔራል ጋዜራ እዚያ እጁን ሰጠ።

ወደቡ ያለቀለት በአንድ ቀን አይደለም። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡናው ወደ ምሥራቅ ማየት ጀምሮ ነበር፤ የጣልያን መንገዶች ፊቱን አዞሩት። ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ውሉ እንደሚለው ኪራዩ አበቃ፤ ጋምቤላም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ከዚያ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ወንዙን ዘጋው። እኛ ያገኘነው መርከብ የሌለበት ወንዝ ነው። ሙላቱ ግን አልቀረም። ጥቅሙ ሄዶ እሱ ብቻ ተረፈ።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ግን ከላይ የወረዱና ከታች የወጡ እንግዶች ታሪክ ነው። ወንዙ ባለቤት አለው። አኙዋኮች መንደራቸውን በወንዙ ዳር ሠርተው፣ ውኃው ሲመለስ ጥሎት በሚሄደው ርጥብ ደለል ላይ ዳግመኛ በቆሎ ይዘራሉ። ጎርፉ ለእነሱ ሁለተኛ መኸር ነው። ኑዌሮች ውኃው ሲመጣ ከብታቸውን ይዘው ወደ ከፍታው ይወጣሉ፤ ሲሸሽ ቶይች ወደሚሉት የግጦሽ ሜዳ ይከተሉታል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባለው እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌሮች ያሳተመው መጽሐፍ ይህን የወቅት ፍልሰት ለዓለም አስተዋውቋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ አኙዋኮችን አስከትሎ በዚያ ድንበር ከጣልያን ጋር ይዋጋ ነበር፤ መጽሐፍ ጽፎ ብቻ ቢሄድ ግን የሚያስገርም አልነበረም። ወደ ነገሬ ስመለስ፣ እነዚህ ሰዎች ጎርፍን አያሸንፉትም፤ ቦታ ይለቁለታል። ቦታ መልቀቅ የሚችለው ግን የሚነሣ ቤት ያለው ነው። ከተማ አይነሣም። ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት በግንቦት ተጠቅልለው በጥቅምት አይዘረጉም።

ጋምቤላም ከተማ ሆነች። በ1970ዎቹ የፈረንጅ ዘመን መጨረሻ ላይ የኢሉባቦር ርእሰ ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ሲመጣ ጋምቤላ ገና የእኛው ክፍለ ሀገር አንድ ጫፍ ነበረች። ከ1980 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ራሷን ቻለች፤ ኋላም የክልል ዋና ከተማ ሆነች። ቢሮ መጣ፤ ሠራተኛ መጣ፤ ከጦርነት የሸሸ ስደተኛ መጣ። በመጀመሪያ በተመረጠው ከፍ ያለ ዳር ላይ የነበረችው ጣቢያ ወደ ዝቅታው ተዘረጋች። ሰው ቤት የሚሠራው ባገኘው መሬት ላይ ነው፤ መሬቱ ደግሞ በበጋ ሲታይ ሁሉም ደረቅ ነው።

በበጋ ማየት የሚያመጣውን መዘዝ እ.ኤ.አ. በ2014 በሌላ ቦታ አየነው። በታኅሣሥ 2013 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጋምቤላ ክልል ጎረፉ፤ (ቃሉ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ለሰው መጠቀሙን አልወደውም።) ሌይችዎር በሚባል ቦታ መጠለያ ተሠራላቸው። የተሠራው በደረቁ ወራት ነው፤ ክረምቱ ሲመጣ ሰፈሩ ውኃ ውስጥ ገባ። ከእሳት የሸሹ ሰዎች በድንኳናቸው ውስጥ ጉልበት ድረስ በሚደርስ ውኃ ቆሙ። በማግሥቱ ዓመት ሰፈሩ ተዘግቶ ሰዎቹ ከጋምቤላ ከተማ ብዙም ወደማይርቀው ጀዊ ተዛወሩ። ከመቶ ዓመት በፊት የንግድ መጋዘን ለመትከል የቆሙ ሰዎች ከኢታንግ ሽቅብ መሄዳቸውን ያነሣሁት ለዚህ ነበር። ለቡና የተደረገው ጥንቃቄ ለሰው ሳይደረግ ሲቀር ዝም ማለት ይከብዳል፤ ምንም እንኳ በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ምርጫ ጥቂት እንደ ነበረ ባውቅም።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ለጋምቤላ ክፉ ዓመት ነበር። ሰኔ 7 ቀን ከተማይቱ ውስጥ ታጣቂዎች ገብተው ተኩስ ዋለባት። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ፣ ገና ከድንጋጤዋ ሳትወጣ፣ ባሮ ተነሣ። ባሮ ብቻ አይደለም፤ ጊሎም፣ አልዌሮም፣ አኮቦም ከዳራቸው ወጡ። እስከ መስከረም 2015 ድረስ የክልሉ አብዛኞቹ ወረዳዎች ውኃ ገባባቸው፤ ጉዳት የደረሰባቸውና የተፈናቀሉት ሰዎች ቁጥር ከመቶ ሺህ በላይ ሆነ። በጋምቤላ ከተማም ሰፈሮች ሰጠሙ። ከድንበሩ ማዶ ደቡብ ሱዳን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ተጥለቅልቃ ነበርና ሜዳው ተጨማሪ የሚጠጣበት ጉሮሮ አልነበረውም።

ድሬዳዋን የመታው የሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በአንድ ሌሊት ነው፤ ደረቅ አሸዋ የነበረው ደቻቱ ሰው በተኛበት ተነሥቶ ወሰዳቸው። የባሮ ጠባይ ሌላ ነው። ቀስ ይላል፤ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል፤ ጋምቤላ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ተረት የተተረተው እንዲህ ላለው ነው። በዚያ ሰሞን ጋምቤላ የሚሠራ የሙያ ባልደረባዬ በስልክ የነገረኝ ትዝ ይለኛል። ጠዋት ደጃፉ ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጎ ወደ ሥራ ሄደ፤ ምሳ ሰዓት ሲመለስ ድንጋዩ የለም። ማታ ሁለተኛው ደረጃም የለም። ሮጦ የሚያመልጡት ነገር አይደለም፤ ቁጭ ብለው የሚያዩት ነው። መጀመሪያ ፍራሽ ወደ አልጋ፣ ከዚያ አልጋው ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ልጆች ወደ ዘመድ ቤት። ጎረቤቱ የነበረ አንድ ኑዌር ሽማግሌ ግን ውኃው ገና ሳይታይ በፊት በጎቹን ይዞ ወጥቶ ነበር። «ነግሮን ነበር፤ የሰማነው ግን እንደ ተረት ነው» አለኝ።

ያን ሳምንት መቱ ላይ በእኔ መስኮት ወደ ጋምቤላ የሚላከው ገንዘብ በዛ። ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ፣ አንድ ሺህ ብር። ልጃቸው እዚያ አስተማሪ የሆነ አንዲት እናት ቅጹን ስሞላላቸው «ልጄ፣ የኛ ዝናብ ነው አሉ ቤቱን ያፈረሰበት፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን ማለቱ ከበደኝ። «የሁላችንም ነው፣ እማማ» አልኳቸው። እሳቸውም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ከላይ እየደበደበው ነበር። «እኛስ ተመስገን ነበር ያልነው» አሉ።

የኛ ነው ስል ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፤ ሰማይ በእኛ ትእዛዝ አይዘንብም። ሆኖም የወረደው ውኃ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በከፊል ከእኛ እጅ አለ። ጫካ ውኃን ያዘገያል፤ ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ የረገፈው ገለባ እያንዳንዱ ጠብታ ጥቂት እንዲያርፍ ያደርገዋል። የተራቆተ ተዳፋት ግን የተቀበለውን በዚያው ሰዓት ያስረክባል። የያዩ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ሀብት ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ስለ ቡናው ዘር ደስ ብሎን ነበር። ያ ጫካ የገባ ወንዝ ዳር መቆሙን፣ ለጋምቤላም ዘበኛ መሆኑን በዚያ ቀን የተናገረ ሰው አልሰማሁም። በባሮ ላይ ባሮ አንድ፣ ባሮ ሁለትና ገንጂ የተባሉ የኃይል ማመንጫ ግድቦች ተጠንተዋል፤ በዋናው ወንዝ ላይ ግን እስካሁን ውኃውን የሚይዝ የለም። የምኒልክ ውል ሦስተኛ አንቀጽ ሳይፈለግ ተፈጽሟል፤ ውኃውን ያቆመው የለም።

ባልደረባዬ ከዚያ ዓመት ወዲህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይደውልልኛል። ሰላምታውን አያስረዝምም፤ ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውርም አያነሣም። «መቱ እንዴት አደረ?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ «ዘነበ» ወይም «አልዘነበም» እያልኩ እመልስለት ነበር፤ አሁን ይህ እንደማይበቃው አውቄያለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ ሶር ድልድይ ላይ ጥቂት እቆማለሁ። የውኃውን መልክ፣ ግንድ ማምጣት አለማምጣቱን፣ ከድልድዩ በታች ካሉት ድንጋዮች ስንቱ እንደሚታይ አይቼ እነግረዋለሁ።